የጊቤን ዳገት ሲወጣ ውሃ የሚተፋ ሃይሉክስ፦ ቴስታታው ከመውረዱ በፊት

ጥያቄ፦ «3ኤል ሞተር ያለው የቆየ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ከገዛሁ አራት ወር ሆነኝ። ጅማ ከተማ ውስጥ ስሠራበት ምንም አይል። ዕቃ ጭኜ ጊቤ በረሃ ወርጄ ወደ ወልቂጤ ስወጣ ግን ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሪዘርቫው (የራዲያተሩ ትርፍ ውሃ መያዣ) ሞልቶ ውሃ ይተፋል። ሲበርድ ሁለት ሊትር ያህል እሞላለሁ። ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ አለው። ጋራዥ ሳሳይ ቴስታታው ይውረድ አሉኝ። ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ ራሴ የማየው ነገር ይኖራል?»

መልስ፦

አለ፤ ቴስታታውን (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋውን የሞተር ክፍል) ገና አያስወርዱ። የነገሩኝ ምልክት የቴስታታ ጋርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ሊሆን ይችላል። ግን የደከመ የራዲያተር ክዳን፣ በጭቃ የተደፈነ ራዲያተር፣ የተነቀለ ቴርሞስታት (የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋ) ወይም የላላ ፋንም ልክ እንደዚሁ ውሃ ያስተፋል። እነዚህ ሁሉ ያለ ጋራዥ፣ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ይጣራሉ። ቴስታታ አንዴ ከወረደ ጋርኒሲዮን፣ ዘይት፣ ኩላንትና ሠርቪስ ተደምሮ ወጪው ብዙ ነው። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ከሆነ ደግሞ ያ ሁሉ ወጥቶም መኪናው በሚቀጥለው ጉዞ እዚያው ዳገት ላይ ይተፋል።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ክዳኑ ነው፤ ጅማ ላይ ይህ ከቆላ ቦታ ይብሳል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሞተርዎ ቴርሞስታት በአብዛኛው መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ ነው። ጭነት ይዞ ዳገት የሚወጣ ጤነኛ ሞተር ደግሞ 90 እና 95 ዲግሪ ላይ ቢደርስ ምንም ነውር የለውም። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ እንግዲህ ሞተሩ ገና በጤናማ ሙቀቱ ላይ እያለ ውሃው ይፈላል፤ እንፋሎቱም ውሃውን ወደ ሪዘርቫ ይገፋዋል። ክዳኑ ላዩ ላይ የተጻፈውን የ0.9 ባር ገደማ ግፊት በትክክል ከያዘ የመፍያው ነጥብ እዚሁ ጅማ ላይ ወደ 115 ዲግሪ ይወጣል። ከጊቤ ወደ ወልቂጤ ሲወጡ ከፍታው ስለሚጨምር የመፍያው ነጥብ ደግሞ ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ ሞተሩ በጣም በሚሞቅበት ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ ውሃ ተፋ ማለት ሁልጊዜ ሞተሩ ከልኩ በላይ ሞቀ ማለት አይደለም። በዚህ አንድ ነጥብ ምክንያት ያለ ጥፋታቸው የሚወርዱ ቴስታታዎች ያሳዝናሉ።

ክዳኑን ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በርዶ ይክፈቱ። ከሠራ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይጠብቁ፤ ሙቅ ራዲያተር ተከፍቶ ፊት የሚያቃጥለው በሰከንድ ነው። የክዳኑ ትልቁ ጎሚኒ ከደረቀ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ጠርዙ ላይ ጎድጎድ ያለ ቀለበት ከታተመበት ያለቀለት ነው። መሐል ላይ ያለችውን ትንሿን ባልቦላ በጥፍርዎ ሳብ ያድርጓት፤ ስትለቋት ወዲያው ተመልሳ መዘጋት አለባት። የራዲያተሩ አፍ ውስጥ ጎሚኒው የሚያርፍበት ክብ ጠርዝም ዝገት ወይም ነጭ ቅርፊት ካለው አዲስ ክዳንም አይዘጋውም፤ በጨርቅ ይጥረጉት፣ በካቻቢቴ አይፋቁት። አዲስ ሲገዙ ጥልቀቱ ከአሮጌው ጋር እኩል መሆኑን አጠገብ ለአጠገብ ይዘው ይዩ፤ የተጻፈበት ቁጥርም 0.9 ይሁን። «ጠንካራ ይሻላል» ብሎ 1.1 መግጠም ያረጁትን የጎማ ቱቦዎችና የሂተሩን ራዲያተር ያፈነዳል።

ከክዳኑ ጋር ሪዘርቫውን ይመልከቱ። ጠዋት ሪዘርቫው ሞልቶ ራዲያተሩ ከጎደለ ውሃው ይወጣል እንጂ አይመለስም ማለት ነው። ያቺ ትንሿ ባልቦላ አልተከፈተች ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ሲበርድ የላይኛው ጎማ ቱቦ በራሱ ተመጥጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። ወይም ቀጭኗ ቱቦ ሪዘርቫው ውስጥ እስከ ታች አልደረሰችም፣ አለዚያም ተሰንጥቃ በውሃ ምትክ አየር ትስባለች። እርስዎ የሚጨምሩት ሁለት ሊትር ሪዘርቫው ውስጥ ቆሞ የሚገኝ ከሆነ ጥፋቱ የተገኘው እዚህ ነው።

አሁን የጋራዡ ጥርጣሬ እውነት መሆን አለመሆኑን እንፈትሽ። መኪናው ሌሊቱን ይቆም፤ ማለዳ ሞተሩ ሳይነሳ ክዳኑን ቀስ ብለው ያዙሩ። ሌሊቱን የቀዘቀዘ ራዲያተር ውስጥ ግፊት ሊኖር አይገባም። ጥርት ያለ «ጽስ» ድምፅ ካወጣ ከሲሊንደር የገባ ጋዝ ነው፤ የሞቀ ውሃ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ጋዝ ግን እዚያው ይቆያል።

ቀጥሎ ጎማዎቹን በድንጋይ ያስይዙ፣ ፍሪኖ አማኖውን ይሳቡ፣ የዲናሞውን ቡሎኖች አላልተው የፋኑን ቺንጋዎች ያውርዱ። ራዲያተሩን እስከ አፉ ይሙሉ፤ ሞተሩን አስነስተው ከአንድ ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ውሃውን እያዩ ነዳጅ ረገጥ ረገጥ ያስደርጉ። የውሃ ፓምፑ ስለማይዞር ውሃው ጸጥ ማለት አለበት። መጀመሪያ ላይ የሚወጡ አንድ ሁለት አረፋዎች የታመቀ አየር ናቸው፣ ችግር የለም። ሳያቋርጥ፣ ነዳጅ ሲረገጥ እየጨመረ የሚወጣ አረፋ ግን ከጋርኒሲዮን ወይም ከተሰነጠቀ ቴስታታ ነው። ቺንጋው ወርዶ መኪናውን ለአንድ ሜትር እንኳ አያንቀሳቅሱ፤ በዚህ ሞተር የፍሬኑን ሰርቮ የሚያግዘው የቫኩም ፓምፕ ዲናሞው ጀርባ ላይ ስለሆነ ዲናሞው ካልዞረ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል።

ይህ ፈተና ንጹሕ ቢወጣም ቴስታታው ሙሉ በሙሉ ነጻ ነው ማለት አይቻልም፤ ሞቆ በጭነት ሲጨነቅ ብቻ የሚከፈት ስንጥቅ አለ። ለዚህ ጊቤ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፣ የጅሬን ዳገት ይበቃል። መኪናው ላይ ጭነት ያድርጉ፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን መንገድ ይውጡ፣ ላይ ሲደርሱ ሞተሩን ሳያጠፉ ይቁሙ። ክዳኑን አይንኩ። ወደ ሪዘርቫው የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ ጫፍ አውጥተው በግማሽ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ ውስጥ እስከ ታች ያስገቡ። ሞተሩ ሲሞቅ የተወሰነ ውሃ ቢገፋ ደንብ ነው። ሙቀቱ ከረጋ በኋላም እኩል በእኩል የሚፈላ የሚመስል አረፋ ከቀጠለ ጋራዡ ልክ ነው። ግን ይህን ፈተና አዲሱን ክዳን ከገጠሙ በኋላ ያድርጉት፤ በደከመ ክዳን እንፋሎቱም አረፋ ይሠራል። ዘይቱ ንጹሕ መሆኑ ጥሩ ምልክት ነው፣ ማረጋገጫ ግን አይደለም፤ ከሲሊንደር ወደ ውሃ መሄጃ ብቻ የሚያፈስ ጋርኒሲዮን ዘይቱን አይነካም።

ሦስቱም ንጹሕ ከሆኑ ወደ ቴርሞስታቱ ይሂዱ። ብዙ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ቴርሞስታቱ «ያሞቃል» ተብሎ ተነቅሎ ተጥሏል። ይህ ጎጂ ልማድ ነው። ቴርሞስታቱ ሲከፈት በጀርባው ያለችው ሁለተኛዋ ሰሃን ውሃው ራዲያተሩን ዘሎ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ትዘጋለች። ተነቅሎ ከተጣለ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ከውሃው የተወሰነው ሳይቀዘቅዝ እየተመለሰ ይዞራል። በሜዳ መንገድ ከሚገባው በታች ይቀዘቅዛል፣ በዳገት ደግሞ ከሚገባው በላይ ይሞቃል። ቴርሞስታቱ የሚገኘው የራዲያተሩ ጎማ ሞተሩ ላይ ከሚያርፍበት ክዳን ሥር ነው። ውሃውን በንጹሕ ጀሪካን ላይ ያውርዱና ይህን ክዳን ፈትተው ይዩ። የወጣውን ውሃ መጠን ይጻፉ፤ በኋላ ያው መጠን ተመልሶ መግባት አለበት፣ ካልገባ ውስጥ አየር ተቀምጧል።

ቴርሞስታቱ ካለ በክር አንጠልጥለው ድስት ውስጥ ይቀቅሉት፤ የድስቱን ታች አይንካ። በ82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል፣ ውሃው ሲፈላ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍቶ መገኘት አለበት። ጅማ ላይ ውሃው ከ94 በላይ ስለማይሄድ ጥቂት ቢያንስ አይጣል፤ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ጭራሽ የማይከፈት ወይም ሲወጣ ክፍት ሆኖ የሚቀር ግን ይጣል። ሲገጥሙት የምትንቀጠቀጠዋ ትንሽ ሚስማር ወደ ላይ ትሁን፤ አየር የሚወጣው በእሷ ነው። ወረቀቱን ጋርኒሲዮን ወይም ጎሚኒውን በአዲስ ይተኩ።

ራዲያተሩ። በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በሸቤ በኩል ወደ ገጠር የገባ መኪና ከክረምት ሲወጣ ራዲያተሩ ቀጭን ክንፎች መካከል ቀይ ጭቃ ተሞልቶ ይደርቃል፣ እንደ ጡብ ይሆናል። በላዩ የቡና ገለባና ነፍሳት ይለጠፉበታል። ከፊት ሲታይ ንጹሕ ይመስላል፤ ስለዚህ በማታ ከኋላው ባትሪ ያብሩና ከፊት ይመልከቱ። ብርሃን የማያሳልፈው ቦታ አየርም አያሳልፍም። በላቫጆ ከፍተኛ ግፊት በቀጥታ አያስመቱት፤ ክንፎቹ ይተኛሉና ነገሩ ይብሳል። ቀዝቅዞ እያለ ትንሽ ሳሙና ያለው ውሃ ረጭተው ለ20 ደቂቃ ያርሱት፣ ከዚያ በተራ ጎማ ቱቦ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ይጠቡት፤ ጭቃው በገባበት መንገድ ነው የሚወጣው። የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋግሙ። ኤር ኮንዲሽነር ካለው በሁለቱ ራዲያተሮች (በውሃውና በኤር ኮንዲሽነሩ) መካከል ያለው ጭቃ ከውጭ ስለማይታይ የፊተኛውን አላልተው ማየት ያስፈልጋል። ፋኑን ዙሪያውን የሚከበው የፕላስቲክ ሽፋን መኖሩንም ያረጋግጡ። ከጠፋ ፋኑ በራዲያተሩ በኩል መሳብ ትቶ የሞተሩን ሙቅ አየር ያሽከረክራል፤ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ፈልገው ይግጠሙት።

ውስጡ የተደፈነ መሆኑን በእጅ ይለያሉ። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ፣ ፋኑ ቆሞ፣ የራዲያተሩን ፊት በመዳፍዎ ቀስ ብለው ይዳስሱ። ከላይ ወደ ታች እያለ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ቢቀንስ ደህና ነው። መሐል ላይ ወይም ጥግ ላይ ድንገት ቀዝቃዛ ቦታ ካገኙ እዚያ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ተዘግተዋል። የቀድሞው የመዳብ ራዲያተር ከሆነ ራዲያተር ሠሪ ላዩን ፈትቶ ቱቦዎቹን በዘንግ ጠርጎ መልሶ ይበይደዋል፤ ላይና ታቹ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ብየዳ አይቀበልም፣ መቀየር ነው። ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ የሚጨመር ዱቄት ከዚያ በፊት እነዚያኑ ቱቦዎች ይደፍናል፤ አይጨምሩ።

ይህ ድፍን የሚመጣው ዓመቱን ሙሉ ተራ ውሃ ከመሙላት ነው። «ጅማ ውርጭ የለም፣ ኩላንት ምን ያደርጋል?» ይባላል። ኩላንት ለውርጭ ብቻ አይደለም፤ ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያውን ነጥብ ጥቂት ያነሳል፣ የውሃ ፓምፑንም ጎሚኒ ያቆያል። ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ ያድርጉ። የተጣራው ከጠፋ በንጹሕ ዕቃ በቀጥታ የተያዘ የዝናብ ውሃ ይሻላል፤ ከዛገ ቆርቆሮ የወረደ ግን አይሁን። የተለያየ ቀለም ያላቸውን ኩላንቶች አይቀላቅሉ። በየሁለት ዓመቱ ይቀይሩት።

ሲሞሉ የመኪናውን አፍንጫ ከፍ ወዳለ ቦታ ያዙሩ፣ የሂተሩን መቆጣጠሪያ ሙሉ ሙቅ ላይ ያድርጉ፣ በቀጭኑ ይሙሉ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩን ያስነሱ፤ የላይኛውን ጎማ ጨመቅ ለቀቅ ቢያደርጉት አየሩ ይወጣል። ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ጎደል ይላል፤ ሞልተው ይዝጉ። በማግስቱ ጠዋት ደግመው ይዩ።

ፋኑ ቀላል ነው። መሐሉ ላይ ያለው ክብ ነገር ውስጡ ሲሊኮን ዘይት አለው፤ ሲሞቅ ፋኑን አጥብቆ ይይዛል። ሞተሩን ከሙቀቱ ላይ አጥፍተው ፋኑን በእጅ ቢያሽከረክሩት ከብዶ ወዲያው መቆም አለበት። ሁለት ሦስት ዙር በነጻ ከሄደ፣ ወይም ፊቱ ላይ አቧራ የያዘ ቅባት ከተረጨ ዘይቱ ፈሷል። ቺንጋዎቹን በአውራ ጣት ጠንከር አድርገው ሲጫኑ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጉደሉ፤ ሁለቱንም አብረው ይቀይሩ፣ አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ ካደረጉ ጭነቱን አዲሱ ብቻ ይሸከማል። የታችኛውን ጎማ ቱቦም ሰው ነዳጅ ሲረግጥ ይመልከቱት። ፓምፑ ከዚያ ስለሚስብ የለሰለሰ ጎማ ይጨማደድና ውሃውን ያንቃል። ቆሞ ሲያዩት ግን ፍጹም ጤነኛ ይመስላል። የውሃ ፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ የውሃ ምልክት ካለ ወይም ፋኑን ይዘው ሲነቀንቁት ኩሽኔታው ከተጫወተ ፓምፑ ይቀየር።

የጠቀሱት ጥቁር ጭስ ከሙቀቱ ጋር የተያያዘ ነው። ጥቁር ጭስ አየር ያጣ ናፍጣ ነው። ጅማ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ከአምስት አንድ እጅ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ቀድሞውንም አየር አያገኝም፤ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከተሞላ ይባስ። ፊልትሮውን መጀመሪያ ይቀይሩ። ከዚያም ካልጠፋ «ጉልበት እንዲጨምር» ብሎ የናፍጣ ፓምፑን ማብዣ ቡሎን የነካ ሰው ይኖራል። የመጣው ትርፍ ጉልበት ጥቂት ነው፣ ትርፍ ሙቀቱ ግን ሁሉ በፒስቶኑና በቴስታታው ላይ ያርፋል። ይህን በቤት አይሞክሩ፤ ፓምፑን በመለኪያ ማሽን ላይ አስሮ የሚለካ ባለሙያ ይመልሰው፣ የኢንጀክተሮቹንም አረጫጨት አብሮ ይይልዎ።

ፈተናዎቹ ጋርኒሲዮን ነው ካሉ ደግሞ ቴስታታው ይውረድ፤ ሲወርድ ግን እነዚህን ይጠይቁ። የቴስታታው ፊት በቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያና በስፔሶር (ክፍተት በሚለኩ ስስ ብረቶች) ይለካ፤ ጉብጠቱ ከ0.20 ሚሊ ሜትር ካለፈ እንዲሁ አይመለስም። በውሃ ግፊት ለስንጥቅ ይፈተሽ፤ ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ በሁለቱ ባልቦላዎች መካከል ስለሚሆን በዓይን ብቻ «ደህና ነው» መባል አይበቃም። የ3ኤል ጋርኒሲዮን በሦስት ውፍረት ይመጣል፤ ምልክቱ አሮጌው ላይ አለና አሮጌው ሳይጣል ተይዞ ይገዛ። ከሚገባው የቀጠነ ከገባ ፒስቶኑ ባልቦላ ይነካል፤ የወፈረ ከገባ ጠዋት ጠዋት ማስነሳት ይከብዳል። ቡሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር በተራ፣ መጀመሪያ በ78 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ ሁሉም 90 ዲግሪ፣ እንደገና 90 ዲግሪ ይጠብቃሉ። ራሳቸው ላይ በቀለም ነጥብ ቢደረግ የተረሳው ይታወቃል። በክንድ ግምት የሚያጠብቅ ሰው ጋር አይስማሙ።

መኪናው ታሪኩ የማይታወቅ ስለሆነ የታይሚንግ ቺንጋውም አሁኑኑ ይቀየር፤ ልኩ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከተበጠሰ ባልቦላና ፒስቶን ይጋጫሉ። የናፍጣ ፊልትሮውን ታች ያለችውን ማፍሰሻ በየሁለት ሳምንቱ ከፍተው ውሃውን ያውርዱ፣ በተለይ ናፍጣ በጀሪካን የሚገዙ ከሆነ።

ጊቤ ላይ ስለ አነዳዱ። 10 ኩንታል ያህል ለዚህ መኪና በቂ ነው። ዳገቱን በከባድ ማርሽ እያቃሰተ አይውጣ፤ ፋኑም የውሃ ፓምፑም የሚዞሩት በሞተሩ ፍጥነት ነው፣ ስለዚህ ወደ ሦስተኛ ወይም ሁለተኛ ቀድመው ይቀንሱና ነዳጁን ሳይደፉ ሞተሩ ቀለል ብሎት ይዙር። ጌጁ ከመሐል ማለፍ ሲጀምር ሂተሩን ሙሉ ይክፈቱ፣ ጥላ ይዘው ይቁሙ፤ ውሃ እስካልፈሰሰ ድረስ ሞተሩን ከቆመ ዙሩ ትንሽ ከፍ አድርገው ለጥቂት ደቂቃ ያሽከርክሩት፣ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እንፋሎት ከወጣ ግን ወዲያው ያጥፉት፣ በሞተሩ ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አያፍሱ። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው በጣም ሞቆ የነበረ ጌጅ በድንገት ወደ ቀዝቃዛው ሲወርድ ነው፤ ያን ጊዜ ሞተሩ አልቀዘቀዘም፣ ውሃው አልቆ የጌጁ ሴንሰር ባዶ ላይ ቀርቷል። እዚያው ቆመው ያጥፉት፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላም ክዳኑን አይንኩ።